የመናኸሪያችን መፀዳጃ ቤት ውሃ ሌሊት ሌሊት የት ይሄዳል?

የማኅበሩ ጸሐፊ | የካቲት 3፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁም። በአዲስ አበባ ዳርቻ በሚገኝ አንድ የአውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ የሕዝብ መፀዳጃና ሻወር ቤት ተረክበን በማኅበር የምንሠራ ሰባት ሰዎች ነን። ስምንት መቀመጫ፣ በወንዶች በኩል አራት ሰው ጎን ለጎን የሚቆምበት መሽኛ ግድግዳ፣ ስድስት የእጅ መታጠቢያና አራት የሻወር ክፍል አለን። የክፍለ ሀገር አውቶቡሶች ከመነሳታቸው በፊት ሰው ስለሚጎርፍ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል እንከፍታለን፤ ማታ 3 ሰዓት እንዘጋለን። ውሃ በፈረቃ በሳምንት አራት ሌሊት ያህል ይመጣልናል፤ ስለዚህም እያንዳንዳቸው 5,000 ሊትር የሚይዙ ሁለት ሮቶዎች ሦስት ሜትር ከፍታ ባለው የብረት ማማ ላይ ሰቅለናል።

ችግራችን የውሃና የመብራት ሒሳብ ነው። የደንበኛው ቁጥር በትኬት ጉርዳችን ሲታይ ከአምናው ብዙም ሳይለይ፣ ባለፉት ሦስት ወራት የውሃው ሒሳብ ያለማቋረጥ ጨምሯል። በስብሰባችን ላይ አንድ አባላችን ስድስቱንም የእጅ መታጠቢያ ቧንቧዎች እጅ ሲጠጋ በሚከፍቱ ባለ ሴንሰር ቧንቧዎች እንድንለውጥ፣ መብራቱንም ሰው ሲገባ ብቻ የሚበራ እንድናደርግ ሐሳብ አቅርቧል። ይህን ብናደርግ በዓመት ያጠራቀምነው ገንዘብ ተሟጦ ያልቃል። ገንዘቡን ከማውጣታችን በፊት ከየት መጀመር እንዳለብን ልምድ ያላችሁ ብትመክሩን ውለታችሁን አንረሳም።

ዕቃ አቅራቢ | የካቲት 3፣ ከምሽቱ 3፡15

የመታጠቢያ ቤት ዕቃ አስመጥቼ የምሸጥ ሰው መሆኔን አስቀድሜ ልናገርና አስተያየቴን በዚያው ሚዛን ተመልከቱልኝ። አባላችሁ ያቀረቡት ሐሳብ መሠረት የሌለው አይደለም። የተለመደ ቧንቧ በደንብ ሲከፈት በደቂቃ ከ10 እስከ 12 ሊትር ያፈስሳል። አንድ መንገደኛ ቧንቧውን ከፍቶ እጁን ለ20 ሰከንድ በሳሙና ቢያሽ፣ ማንም ያልተጠቀመበት ከሦስት ሊትር በላይ ውሃ ወደ ፍሳሹ ይወርዳል። ይህ በቀን በመቶዎች ለሚቆጠር ሰው ሲባዛ ምን ያህል እንደሚሆን እናንተው አስሉት። ባለ ሴንሰሩ እጅ ሲርቅ ይዘጋል፤ ሰው ስለማይነካውም ለንጽሕና የተሻለ ነው።

ባለ መፍቻው | የካቲት 3፣ ከምሽቱ 4፡02

የቧንቧ ሥራ እንጀራዬ ነው። ወንድሜ ዕቃ አቅራቢ የተናገሩት በወረቀት ደረጃ ልክ ነው፤ ነገር ግን ያ ከ10 እስከ 12 ሊትር የሚባለው መጠን ጥሩ ግፊት ባለው መስመር ላይ የሚገኝ ነው። አሥር ሜትር ከፍታ አንድ ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። የእርስዎ ሮቶ ያለው ሦስት ሜትር ላይ ስለሆነ ቧንቧዎ ጋ የሚደርሰው 0.3 ባር ገደማ ነው። ብዙዎቹ ባለ ሴንሰር ቧንቧዎች ውስጣቸው ያለው ቫልቭ በትክክል እንዲከፍትና እንዲዘጋ ቢያንስ 0.5 ባር ይጠይቃሉ፤ ይህም በካርቶኑ ውስጥ ባለችው ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል፣ የሚያነባት ሰው ግን የለም። ግፊቱ ሲያንስ ወይ ጨርሶ አይከፍትም፣ ወይ ከፍቶ አይዘጋም። በዚያ ላይ ፈረቃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው ደፍራሽና አሸዋ ያለበት ውሃ ስለሆነ ያቺን ጠባብ ቀዳዳ በሳምንት ውስጥ ሲደፍናት አይቻለሁ። ሻጩን ለማስከፋት አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ገጥሜ ሦስት ጊዜ ስለነቀልኩ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልግዎ አንድ ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲክ እና የስልክዎ ሰዓት ነው። ቧንቧውን እንደ ደንበኛ ከፍተው ሃይላንዱ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ይለኩ። 15 ሰከንድ ከፈጀ ቧንቧዎ በደቂቃ 4 ሊትር ብቻ ነው የሚሰጠው ማለት ነው፤ እንደዚያ ከሆነ የሒሳብ ጭማሪዎ ምክንያት የመንገደኛው እጅ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ሌሊቱ ነው። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ውሃ መሄድ የለበትም። ማታ ስትዘጉ ቆጣሪውን አንብበው ይጻፉ፤ ከመክፈትዎ በፊት እንደገና ያንብቡ። በቆጣሪው መስታወት ውስጥ አንዲት ትንሽ ባለ ጥርስ ጎማ አለች፤ እሷ ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ እያለ የምትሽከረከር ከሆነ የሆነ ቦታ ውሃ እየፈሰሰ ነው።

የከተማችን የቧንቧ ችግር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ውሃ በሌለበት ቀን ሮቶው ከደረቀ ሰው ቧንቧ ይከፍታል፣ ምንም ሲያጣ ክፍቱን ጥሎት ይሄዳል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ውሃው ሲመጣና ሮቶው ሲሞላ ያ ቧንቧ እስኪነጋ ይፈስሳል። ተጭነው ሲለቁት በራሱ የሚዘጋውን ዓይነት ቧንቧ የምወድለት ሰው ሲታጠብ በሚያተርፋት ጥቂት ውሃ ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው። እሱም ቢሆን ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራው ይመረጥ።

ደብተር ያዥ | የካቲት 4፣ ከጠዋቱ 1፡20

በሒሳብ ሥራ ላይ ስለምገኝ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። የውሃ ዋጋ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በእርከን ከፍ ይላል። በመሆኑም የምታባክኗት የመጨረሻዋ ሜትር ኩብ የምትከፈለው በውዱ ዋጋ ነው፤ ከሒሳባችሁ መጀመሪያ የምትቀነሰውም እሷው ናት። ፍሳሻችሁ ወደ ከተማው መስመር ሳይሆን ወደ ጉድጓድ የሚገባ ከሆነ ደግሞ በከንቱ ለሚፈስሰው ውሃ ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ፤ አንዴ ሲገባ፣ አንዴ ደግሞ ጉድጓዱ ሞልቶ የፍሳሽ መኪና ስትጠሩ። መኪናው የሚጠራበት ድግግሞሽ በቅርቡ ጨምሯል ወይ?

የማኅበሩ ጸሐፊ | የካቲት 4፣ ከጠዋቱ 2፡05

ጉድጓድ ነው። ቀድሞ በሦስት ወር አንድ ጊዜ እንጠራ ነበር፤ አሁን በየወሩ ሆኗል። እውነቱን ለመናገር ሁለቱን ነገሮች አገናኝተን አስበናቸው አናውቅም ነበር።

ሃይላንዱን ሞከርኩት፤ 14 ሰከንድ ፈጀ።

ከአያት የምትመላለስ | የካቲት 4፣ ከቀኑ 6፡48

በየሳምንቱ ወደ ክፍለ ሀገር የምጓዝ ነጋዴ ስለሆንኩ ከእናንተ በተቃራኒ የምናገረው ከበሩ ውስጥ ሆኜ ነው። ሰው ሲገባ ብቻ የሚበራ መብራት ያለበት አንድ ቦታ ገብቼ በር ከዘጋሁ በኋላ ድንገት መብራቱ ጠፋብኝ። ሴንሰሩ የተተከለው መግቢያው ላይ ስለነበር ውስጥ የተቀመጠ ሰው አይታየውም። በአንድ እጄ ቦርሳዬን ይዤ፣ በሌላው እንዲያየኝ እያውለበለብኩ በጨለማ ቆየሁ፤ ኋላ ሳስበው ያስቃል፣ ያን ጊዜ ግን አላሳቀኝም። ከንጋቱ በፊት ለብቻዋ ለምትጓዝ ሴት ብርሃን ማለት ከምቾት በላይ ነው። እባካችሁ መብራት መቆጠብ ካለባችሁ ከእያንዳንዱ ክፍል ላይ አትቀንሱ፤ ቀን በፀሐይ የሚበሩትን አጥፉ።

ሌላው፣ ሰው ሁለት ጊዜና ሦስት ጊዜ ውሃ የሚለቀው ቀድሞት የገባው ሰው አቆሽሾት ሲያገኘው ነው። ንጹሕ ሆኖ ያገኘ አንድ ጊዜ ለቆ ይወጣል። የጽዳት ሠራተኛ ቀንሶ ውሃ እቆጥባለሁ ማለት አይሆንም።

ባለ ቴስተሩ | የካቲት 4፣ ከምሽቱ 1፡30

ጀሞ አካባቢ የኤሌክትሪክ ሥራ እሠራለሁ። እህታችን ስለ መብራት የተናገሩትን በቁጥር ልደግፈው። ጸሐፊው በውስጥ መልእክት እንደነገሩኝ 12 የቆዩ የፍሎረሰንት ዘንጎች አሉ፤ እያንዳንዱ ከነባላስቱ 40 ዋት ገደማ ቢወስድና በሥራ ሰዓቱ ሁሉ፣ ማለትም ለ16 ሰዓት ተኩል ቢበራ በቀን ወደ 8 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በ18 ዋት የኤልኢዲ ዘንግ ቢለወጡ ወደ 3.6 ይወርዳል። ከጣሪያው ቆርቆሮ አራት ያህሉ ተነሥቶ በቦታው ብርሃን አስተላላፊ የፕላስቲክ ቆርቆሮ ቢገባና ቀን ለአሥር ሰዓት መብራቱ ቢጠፋ 1.4 ይበቃል። ሴንሰር አላስፈለገም፤ ማንም በጨለማ አልቀረም።

ሆኖም መብራቱ ትንሹ ነገር ነው። ትልቁ ሻወሩ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4.2 ኪሎጁል ገደማ ያስፈልጋል። ከቧንቧ በ18 ዲግሪ የሚመጣ ውሃ ወደ 38 ዲግሪ ደርሶ አንድ ሰው በ40 ሊትር ቢታጠብ የሚሄደው ጉልበት 0.93 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ይህ ከላይ ካልኳቸው የኤልኢዲ ዘንጎች አንዱን ሌት ተቀን ከሁለት ቀን በላይ ያበራል። በቀን 40 ሰው ይታጠባል ብለውኛልና 37 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። የሻወሩ ራስ በአነስተኛ ውሃ በሚሠራ ተለውጦ አንዱ ሰው በ30 ሊትር ቢታጠብ በቀን ከ9 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይተርፋል፤ አሁን ያሉትን 12 ዘንጎች ጨርሳችሁ ብታጠፏቸው እንኳ ያን ያህል አታተርፉም። ማንም ወደ ጣሪያው አንጋጦ አምፖል ሲቆጥር ቦይለሩን አያየውም።

አንድ ነገር በነካ እጄ ልበል። ከተማችን ውሃ የምታገኘው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው። አቃቂ ዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ ከዚያ የሚወጣው ውሃ በፓምፕ ሽቅብ ይገፋል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 100 ሜትር ከፍ ለማድረግ፣ ምንም ጉልበት ባይባክን እንኳ፣ 0.27 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ በእናንተ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሥራ የሚገባው ውሃ በሌላ ሰው ቆጣሪ ላይ መብራት ቆጥሮ የመጣ ነው።

ጡረተኛው ሾፌር | የካቲት 5፣ ከጠዋቱ 3፡10

ልጄ ጸሐፊው፣ እንደምን ሰነበትክ። ሠላሳ ዓመት በክፍለ ሀገር መስመር ስነዳ ያልገባሁበት የመናኸሪያ መፀዳጃ ቤት የለም። አንተም ባለ መፍቻውም ያላነሣችሁትን አንድ ነገር ልጠይቅህ። የወንዶቹ መሽኛ ግድግዳ ላይ ያለው ቧንቧ በምስማር የተበሳሳና ቀኑን ሙሉ የሚንጠባጠብ ነው ወይስ የሚዘጋ ነገር አለው? እኔ በሄድኩበት ሁሉ ያ ቧንቧ አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው የለም፤ መዝጊያው ራሱ ዝጎ ከግድግዳው ጋር አንድ ሆኖ ታገኘዋለህ። ሽታ እንዳይኖር ብለው ይተዉታል፤ ሽታው ግን አይቀርም።

ሌላው የሶላት ሰዓት ነው። ውዱ የሚያደርግ መንገደኛ እግሩን በእጅ መታጠቢያው ላይ ሲያጥብ ውሃው ወለሉን ይሞላዋል፤ ጽዳት ሠራተኛዋም ያንን ለመጥረግ ጎማ ትዘረጋለች፣ በጎማው የሚሄደው ደግሞ ከውዱው አሥር እጥፍ ነው። አንድ ዝቅ ያለ መቀመጫና አምስት የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ብታስቀምጡ አንዱ ሰው በአንድ ሊትር ወይም በሁለት ሊትር ውዱውን ይጨርሳል። ሰዎቹም ደስ ይላቸዋል፤ ራሳቸው ሲጠይቁ ሰምቻለሁ።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና የገባ ጊዜ በየታክሲ ተራው በእግር የሚረገጡ የእጅ መታጠቢያዎች ተተክለው እንደነበር ታስታውሳለህ? ብረት ቤት ያሠሯቸው፣ በርሜል ከላይ፣ ፔዳል ከታች። እግርህን ስታነሣ ውሃው ይቆማል፤ መብራትም ባትሪም አይፈልግም። የት እንደደረሱ እንጃ፤ አብዛኞቹ በየግቢው ጥግ ተጥለዋል።

የአካባቢ ጤና | የካቲት 5፣ ከምሽቱ 12፡25

አባታችን ስለ መሽኛው ቧንቧ ያነሡት ዋና ነገር ነው። በደቂቃ አንድ ሊትር ብቻ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በቀን 1,440 ሊትር ይወስዳል። ሽታውን በተመለከተ፣ ሽንት በቧንቧው ውስጥ ደንድኖ የሚሠራው ቅርፊት ነው የሚሸተው፤ ቅርፊቱን የሚያነሣው ቀስ ብሎ የሚንጠባጠብ ውሃ ሳይሆን በየዕለቱ የሚደረግ ፍተጋና አንድ ባልዲ ውሃ በአንዴ መልቀቅ ነው። ማስጠንቀቂያም አለኝ፦ በረኪና ከሽንት ወይም ከአሲድ ማጽጃ ጋር ሲገናኝ የሚያፍን ጋዝ ይወጣዋል፤ የጽዳት ሠራተኞቻችሁ መጀመሪያ በውሃ አጥበው እንዲያፈስሱትና ሁለቱን ማጽጃዎች ፈጽሞ እንዳይቀላቅሉ ንገሯቸው።

የመቀመጫዎቹ የውሃ ሳጥኖች 9 ሊትር የሚለቁ ከሆኑ በውስጣቸው ውሃ የተሞላ አንድ ሊትር ሃይላንድ ማስቀመጥ ይቻላል፤ በቀን 500 ጊዜ ቢለቀቅ 500 ሊትር ይተርፋል። የሸክላ ጡብ ወይም ብሎኬት ግን አታስገቡ፤ እየፈረፈረ የሳጥኑን መውጫ የሚዘጋውን ጎማ ያበላሻል። ከዚህ በላይ ለመቀነስም አትቸኩሉ። የቆየ መቀመጫ የተሠራው ለዚያ የውሃ መጠን ስለሆነ በጣም ከቀነሳችሁት ቆሻሻው መስመር ላይ ይቀራል፤ በተለይ ወደ ጉድጓዱ የሚሄደው ቧንቧ ረጅም ከሆነና በየሜትሩ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ተዳፋት ከሌለው። ሰው ሁለት ጊዜ መልቀቅ ከጀመረ ቁጠባው ተገላብጧል።

የቦይለሩን ሙቀት ዝቅ አድርጉ የሚል ምክር ከመጣ ከ60 ዲግሪ በታች አትውረዱ፤ ለብ ብሎ በሚቆይ ውሃ ውስጥ ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ይራባል። ከእጅ መታጠቢያ የሚወርደውን ውሃ ለመቀመጫ መልሶ መጠቀምም ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ሆኖም ከአንድ ቀን በላይ ከተጠራቀመ ይሸታልና ተራ ጠብቆ የሚያጸዳው ሰው ከሌለ አትጀምሩት።

ደብተር ያዥ | የካቲት 5፣ ከምሽቱ 1፡50

የዝናብ ውሃስ? ጣሪያችሁ ሰፊ ይመስለኛል።

የአካባቢ ጤና | የካቲት 5፣ ከምሽቱ 2፡30

አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው። 150 ካሬ ሜትር ጣሪያ ቢኖራቸውና ከመቶ 80 እጁን ቢይዙት በዓመት 144,000 ሊትር ይሆናል። ቁጥሩ ያማልላል፤ ነገር ግን አብዛኛው የሚወርደው በክረምት ነው። 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ በ42 ሚሊሜትር ዝናብ ይሞላል፤ የቀረው ያልፋል። በየካቲት የሚጠጣ ሮቶ ከነሐሴ አይተርፍም። ስለዚህ ለመቀመጫ ብቻ የሚሆን አንድ ለብቻው የቆመ ሮቶ ገዝቶ የክረምቱን ወራት በእሱ ማለፍ ይቻላል እንጂ የበጋውን ፈረቃ ያስረሳናል ብላችሁ አትግዙ። የፀሐይ ውሃ ማሞቂያው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በበጋ ቦይለሩን ያሳርፋል፣ በክረምት ደመና ግን ያለ ቦይለር አይሆንም።

የማኅበሩ ጸሐፊ | የካቲት 14፣ ከምሽቱ 3፡55

የሁላችሁንም ምክር ይዘን ስንሠራ ሰንብተናል፤ ያየነውን በዝርዝር ልጻፍ።

የመጀመሪያው ሌሊት ማታ 3 ሰዓት ላይ ቆጣሪውን አንብበን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ስናየው 6.4 ሜትር ኩብ ቆጥሯል። ደንግጠን ነበር፤ ኋላ ግን ሮቶዎቹ ስንዘጋ ግማሽ ላይ እንደነበሩ አስታወስን። 5 ሜትር ኩቡ ሮቶ የሞላው ነው፤ 1.4 የሚሆነው ግን የት እንደገባ አልታወቀም። ባለ መፍቻው በስልክ እንደነገሩን በሚቀጥለው የውሃ ሌሊት ሮቶዎቹ እስኪሞሉ ጠብቀን፣ ከሮቶ ወደ ሕንፃው የሚወርደውን መዝጊያ ዘጋን። ሮቶ ሞልቷል፣ መውጫው ተዘግቷል፤ ቆጣሪው ግን በሰባት ሰዓት ተኩል ውስጥ 0.9 ሜትር ኩብ ቆጠረ።

ጥበቃችን በባትሪ ይዞ ማማው ላይ ወጣ። የአንደኛው ሮቶ ተንሳፋፊ ኳስ ተሰንጥቆ ውስጡ ውሃ ገብቶ ሰጥሞ ነበር። ኳሱ ካልተንሳፈፈ መግቢያው አይዘጋም፤ ትርፉ ውሃ በማስወጫው ቱቦ ይወርዳል። ይህ ቱቦ ደግሞ ሲሠራ በቀጥታ ወደ ፍሳሽ ጉድጓዱ ተቀብሮ ስለነበር ጠብታ ያየ ሰው የለም። ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ኳሱን ለወጥን፤ ቱቦውንም ከመሬት በላይ ቆርጠነው አሁን የሚያፈስሰው ከጥበቃው ጎጆ ፊት ለፊት ባለ የቆርቆሮ ጣሳ ላይ ነው። ውሃ ከወረደ ጣሳው ይጮኻል።

በሦስተኛው ሙከራ ፈረቃ በሌለበት ሌሊት መግቢያውን ዘግተን መውጫውን ከፍተን ተውነው፤ የውሃውን ከፍታ ሮቶው ውስጥ በተንጠለጠለ ገመድ ለካን። የሮቶው ስፋት 1.8 ሜትር ስለሆነ አንድ ሳንቲሜትር 25 ሊትር ገደማ ነው፤ ሁለቱ ሮቶዎች የተያያዙ በመሆናቸው 50 ሊትር። ሲነጋ ዘጠኝ ሳንቲሜትር ወርዷል። 450 ሊትር በሰባት ሰዓት ተኩል፣ ማለትም በሰዓት 60 ሊትር። ጡረተኛው አባታችን በሩቅ ሆነው ያዩት ያ የመሽኛ ቧንቧ ነው። መዝጊያው እሳቸው እንዳሉት ዝጎ ነበር፤ መፍቻ ሲነካው ተሰበረ።

የኳሱን በሳምንት አራት የውሃ ሌሊት፣ የመሽኛውን ሌት ተቀን አስበን ሁለቱን ስንደምር በወር ከ57 ሜትር ኩብ በላይ ነው። አሥር ሜትር ኩብ የሚይዝ የፍሳሽ መኪና ቢጠራ አምስት ጊዜ ተመላልሶም አይጨርሰውም፤ መሬቱ የሚመጠውን መጥጦ የቀረውን ነው በየወሩ ስናስመጥጥ የነበረው።

አሁን መሽኛው በየሰዓቱ በአንድ ባልዲ ይታጠባል። አዲሱን መዝጊያ የምትከፍተው ጽዳት ሠራተኛችን ብቻ ናት። ማንቆርቆሪያዎቹን ገዝተናል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱ ጠፍተዋል፣ ሦስቱ አሉ፣ ወለሉ ግን ከቀትር በኋላ ደርቆ ይውላል። የጣሪያውን ቆርቆሮ ለውጠናል። የሻወር ራሶችን ለመለወጥ ለመጋቢት ቀጠሮ ይዘናል። ከዕቃ አቅራቢው ደግሞ ለዝቅተኛ ግፊት የተሠሩ ሁለት ተጭነው የሚለቋቸውን ቧንቧዎች ለሙከራ ገዝተን ከስድስቱ በሁለቱ ላይ ገጥመናል፤ ባለ ሴንሰሩን ትተነዋል።

ዕቃ አቅራቢ | የካቲት 14፣ ከምሽቱ 4፡20

ባለ መፍቻው ትክክል ነበሩ፤ የግፊቱን ነገር አስቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ። ሁለቱ ቧንቧዎች ተጭነው ሲለቀቁ ስንት ሰከንድ እንደሚቆዩ ለኩልኝ። ከሰባት ሰከንድ ካለፈ ከላይ ያለችው ብሎን ትስተካከላለች።

ደብተር ያዥ | የካቲት 15፣ ከጠዋቱ 1፡05

ከጥገናው በኋላ የሌሊቱን ቆጣሪ አንብባችኋል?

የማኅበሩ ጸሐፊ | የካቲት 17፣ ከጠዋቱ 12፡40

ትናንት ሌሊት ሮቶዎቹ ሞልተው፣ መሽኛው ተዘግቶ 40 ሊትር ሄዷል። ጣሳው አልጮኸም። ስለዚህ ከመቀመጫዎቹ የውሃ ሳጥኖች አንዱ ሳያሰማ እያሳለፈ እንደሆነ ጠረጠርን። ባለ መፍቻው ቀለም ጨምሩበት ስላሉኝ ከጎናችን ካለው ምግብ ቤት ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ በጆግ ተቀብዬ በስምንቱም ሳጥኖች ውስጥ ጨመርኩና 20 ደቂቃ ጠበቅሁ። በሴቶቹ በኩል ሦስተኛው መቀመጫ ሮዝ ሆኗል።

ባለ መፍቻው | የካቲት 17፣ ከጠዋቱ 1፡15

አዲስ ጎማ ለመግዛት አይቸኩሉ። የሳጥኑን ውሃ ዘግተው አንዴ ይልቀቁት፣ ከዚያ ጎማው የሚያርፍበትን ከንፈር በጣትዎ ዳብሱት። አሸዋ ወይም የደነደነ ነገር ካገኙ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ጎማውን ገልብጠው ይመልሱትና ማታ በቀይ ሥሩ ይድገሙት። እንደገና ሮዝ ከሆነ ያን ጊዜ ይደውሉልኝ።